ቀዩ መብራት ከበራ በኋላ

እድላዊት ቅዳሜ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ከአሳይታ ስትመለስ ቮልስዋገኗ በቦታው አልነበረም። ከቤቱ ግድግዳ ጋር አያይዛ ባሠራችው የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የሚንጠባጠበውን ዘይት እንዲቀበል የምታነጥፈው ካርቶን ብቻ ቀርቷል። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆማ አየችው። መጀመሪያ ያሰበችው ሌባ ነው። ግን ከሰመራ ያንን መኪና ሰርቆ የት ይኬዳል? ሰማያዊውን ቮልስ የማያውቅ የለም፤ ድምፁ ገና መንገዱን ሳይታጠፍ ይለያል።

ጎረቤቷ ሀምዳ ከአጥሩ ማዶ ብቅ አለች።

«መጣሽ እህቴ? ባልሽ እኮ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ይዞት ወጣ። አበባ ሁሉ አስረውበት ነበር።»

«የምን አበባ?»

«የሠርግ ነዋ! ሪባንም አለው። ብዙ መኪና ሆነው ክላክስ እያሰሙ ሄዱ። ወላሂ፣ አንቺ የፈቀድሽ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

እድላዊት የማን ሠርግ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። አቶ አለሙ ባሏ ፍሬምናጦስ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። ቤተሰባቸው የሚኖረው አዋሽ ሰባት ነው፤ ልጃቸው ሎዛም እሁድ እዚያው ትዳራለች። ከሁለት ሳምንት በፊት እነ እድላዊት ቤት ድረስ መጥተው፣ ሻይ እየጠጡ፣ ሙሽሮቹ በቮልሱ ቢሄዱ እንዴት እንደሚያምር ነግረዋት ነበር። እሷም በትህትና፣ ግን ቁርጥ አድርጋ እምቢ አለች።

«ሞተሩን ከገጠምኩት ገና አስር ቀኑ ነው አቶ አለሙ። ሮዳጅ ላይ ነው። ሺህ ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ሳይጫን፣ ሳይቻኮል፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚነዳው። በዚህ ሙቀት እስከ አዋሽ አይሆንም» አለቻቸው።

እሳቸውም ሳቅ ብለው «እሺ፣ ሐኪሙ አንቺ ነሽ» አሉ። ፍሬምናጦስ ያን ቀን አንድ ቃል አልተናገረም። አንገቱን ደፍቶ ሻዩን በማንኪያ ሲያማስል ቆየ። ከዚያ በኋላ እሷ ለሦስት ቀን ሥልጠና አሳይታ እንደምትሄድ የነገረችው ለእሱ ብቻ ነው።

እድላዊት የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ማይክሮስኮፕ ላይ ተክላ ትውላለች። ቮልሱን ያገኘችው ከአምስት ዓመት በፊት አሳይታ ውስጥ፣ የፍየል ማደሪያ ሆኖ ነው። ሎጊያ ላለ አንድ ጋራዥ ሰጥታው፣ አራት ወር አቆይተው ከገባበት ብሶ መለሱላት፤ ደህናውን ካርቡሬተር ፈትተው የሞተ ገጥመውበት ነበር። ያን ቀን ተናዳ፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር፣ መፍቻ ተውሳ መኪናው ሥር ገባች። ከዚያ ወዲህ ማንም መካኒክ አልነካውም። በስልኳ ቪዲዮ እያየች፣ እየፈታች፣ እየተሳሳተች፣ እንደገና እየፈታች ተማረች። ሰመራ ላይ ፀሐይ ከበረታ በኋላ ብረት በእጅ አይያዝም። ስለዚህ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተነስታ እስከ አንድ ሰዓት ትሠራና፣ እጇን በኦሞ ፈትጋ ወደ ሥራ ትሄዳለች። ፒስተኖቹን ጓደኛዋ ሀይማኖት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ስትዞር ከርማ ነው የላከችላት። እድላዊት በዓለም ላይ ማንንም ሳትጠይቅ የምታደርገው ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው። ነፋሱን የሚሰጠውን ማራገቢያ የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ብቻ ነው። ያ የጎማ ቀበቶ ከተበጠሰ ማራገቢያው ይቆማል፣ ከመሪው ፊት ለፊት አንዲት ቀይ መብራት ትበራለች። ሌላ መኪና ላይ ያቺ መብራት ባትሪ አልሞላም ማለት ናት፤ እንደምንም ቤት ያደርሳል። ቮልስ ላይ ግን ወዲያው ካልቆመ ሞተሩ ይቃጠላል። እድላዊት በነጭ የቁስል ፕላስተር ላይ «ከበራ አቁም» ብላ ጽፋ ከመብራቷ ሥር ለጥፋለች። ከፊት ኮፈኑ ሥር መለዋወጫ ቺንጋና መፍቻ በጨርቅ ከረጢት አስቀምጣለች። ፍሬምናጦስንም አቀያየሩን አሳይታዋለች። አንድ ጊዜ ራሱ ቀይሮ፣ በአስራ አምስት ደቂቃ ጨርሶ፣ ሳምንት ሙሉ ሲኮራበት ነበር።

ስልክ ደወለችለት። አላነሳም። ደጋግማ ደወለች። በስድስተኛው አነሳው፤ ከጀርባው ዘፈን ይሰማል።

«ፍሬ፣ መኪናዬ የት ነው?»

«እድሌ! ገባሽ እንዴ? እኔ ነገ የምትመጪ መስሎኝ...»

«የት ነው አልኩህ።»

«አዋሽ ነው። ደህና ነው። ማለቴ፣ አዋሽ አርባ መግቢያ ላይ ትንሽ አስቸገረና በድንገት ቆመ። በሌላ መኪና ጎትተን አስገባነው። ያው አሮጌ መኪና ነው፣ ጠባዩን ታውቂዋለሽ...»

ጆሮው ላይ ዘጋችበት። የመፍቻ ሳጥኗን አውጥታ በር ላይ አስቀመጠችው። እሁድ ገና ሰማዩ ሳይቀላ ሎጊያ ወርዳ፣ በጭነት መኪኖቹ መሃል የቆመውን የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዘች።

ሚሌን አለፉ፣ ገዋኔን አለፉ። ከጎኗ የተቀመጠው ሰውዬ ወሬ ሊጀምር ፈልጎ ፊቷን አየና ተወው። እሷ «በድንገት» የምትለውን ቃል እያመነዠከች ነበር። ያንን ሞተር ብሎን በብሎን የገጠመችው እሷ ናት። እያንዳንዱ ብሎን ምን ያህል እንደጠበቀ እጇ ያውቀዋል። በድንገት የሚቆም ሞተር አልነበረም። መኪናውን መውሰዱ አንድ ነገር ነው። እሷን እንደማታውቅ ሰው ማታለሉ ግን ሌላ ነው።

አዋሽ ስትደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሠርጉ ወዳለበት ሆቴል ግቢ ስትገባ መኪናዋን አየችው። ኒም ዛፍ ሥር አቁመውት፣ ሙሽራውና ሙሽሪት የፊት ኮፈኑ ላይ ተቀምጠው ፎቶ እየተነሱ ነው። ቬሎው ሰማያዊውን ቀለም ሸፍኖታል። ፎቶ አንሺው አንድ እግሩን መከላከያው ላይ ሰቅሎ «ትንሽ ተጠጉ፣ ፈገግ» ይላል።

«ውረዱ» አለች እድላዊት።

«እህት፣ ከካሜራው ዘወር በይልኝ እስቲ» አለ ፎቶ አንሺው።

«እግርህን አንሳ! ውረዱ አልኩ!»

ሎዛ ደንግጣ ቬሎዋን ሰብስባ ወረደች። ስትወርድ ኮፈኑ ቷ ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ የሰው ክብደት ሳህን የሚያህል ስርጉዳት ትቶበታል።

«መኪናው የኔ ነው» አለቻት እድላዊት።

«አባዬ ባለቤቷ ፈቅዳለች ነው ያለን» አለች ሎዛ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እውነቴን ነው፣ አላወቅኩም።»

«አንቺን አይደለም የምቆጣው። ዞር በይልኝ ብቻ።»

ከኋላ ዞራ የሞተሩን ክዳን ከፈተችው። የተቃጠለ ዘይትና የተቃጠለ ቀለም ሽታ ፊቷን መታት። የማራገቢያው ሽፋን ቀለም አረፋ ሠርቶ ተላልጧል። ቺንጋው የለም። ከሳጥኗ ትልቁን መፍቻ አውጥታ ሞተሩን በእጅ ለማዞር በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። ንቅንቅ አላለም። እንደገና ሞከረች። አለት ሆኗል።

ከዚያ ወደ ፊት ሄዳ የታጠፈውን ኮፈን በትግል ከፈተችው። የጨርቅ ከረጢቱ አስራ እንዳስቀመጠችው አለ። ቋጠሮው እንኳ አልተፈታም። ውስጡ አዲሱ ቺንጋ ከነወረቀቱ አለ፣ መፍቻው አለ። ያኔ ነው ደሟ የፈላው።

ፍሬምናጦስ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ደረቱ ላይ ነጭ አበባ ሰክቶ፣ ከአዳራሹ እየሮጠ ወጣ።

«እድሌ፣ በእናትሽ፣ ቀስ በይ። ወደ ውስጥ ገብተን...»

«ቺንጋው የት አለ?»

«የቱ ቺንጋ?»

«ፍሬምናጦስ!»

ሙሉ ስሙን ስትጠራው አንገቱን ሰበረ። «ተበጥሶ ይሆናል።»

«መብራቱ በርቶ ነበር?»

«አላየሁም። ፀሐዩ ፊት ለፊት ስለነበረ...»

«ፕላስተሬን ማን ነቀለው?» አለች፣ በመስኮቱ ባዶውን ቦታ እያየች።

እንግዶች ከአዳራሹ እየወጡ በረንዳው ላይ መደርደር ጀምረዋል።

«ለቪዲዮ አያምርም ተብሎ... እኔ ነኝ የነቀልኩት» አለ በመጨረሻ።

አቶ አለሙ እጃቸውን በናፕኪን እየጠረጉ መጡ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ አለ፤ የኃላፊ ፈገግታ።

«እድላዊት! እንኳን ደህና መጣሽ። ምሳ ሳትቀምሺ እዚህ ፀሐይ ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ይሄ ብረት አይደል? ብረት ይሠራል። ደህና ጋራዥ እናስገባልሻለን። ዛሬ የደስታ ቀን ነው፣ እንግዳ ፊት ባናደርገው።»

«እምቢ ብዬዎት ነበር አቶ አለሙ። ቤቴ ቁጭ ብለው፣ ሻይዬን እየጠጡ፣ እምቢ ብዬዎታለሁ።»

«ባልሽ ፈቀደልኝ። ባልና ሚስት አንድ ናቸው ብዬ ነው።»

«ሞተሩን ስገጥም አንድ አልነበርንም። እኔ መሬት ላይ ነበርኩ፣ እሱ ተኝቶ ነበር።»

ከበረንዳው አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ። የአቶ አለሙ ፈገግታ ጠፋ።

«ካሳ አልፈልግም፣ ጋራዥም አልፈልግም» አለች እድላዊት፤ ድምፅዋ እየሻከረ። «አንድ ነገር ነው የምጠይቀው። መብራቱ በርቶ እያያችሁ ነድታችሁታል ወይስ አልነዳችሁትም?»

«እኔ ስለ መብራት ምን አውቃለሁ? አሮጌ መኪና መብራቱ ሲበራ ሲጠፋ ይውላል።»

«በርቶ ነበር» አለ ፍሬምናጦስ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። እሱ ግን እድላዊትን ብቻ እያየ ነበር።

«አዋሽ አርባ ለመድረስ አስራ ስምንት ኪሎ ሜትር ሲቀረን በራ። አየሁት። ልቆም ስል አቶ አለሙ ከጎኔ ነበሩ። ከኋላችን ያሉት ክላክስ ያሰማሉ። ‹አጀቡን እንዳታቆመው፣ አርባ ስንደርስ ታየዋለህ› አሉኝ። ነዳሁ። ቆይቶ ሽታው መጣ። ከዚያም በኋላ ነዳሁ።»

«በስንት?»

«በዘጠና።»

«እኔን ምን ታስገባኛለህ?» አሉ አቶ አለሙ፤ ፊታቸው ጠቁሯል። «መሪውን የያዝከው አንተ!»

እድላዊት መንገዱን ሙሉ እውነቱን ብትሰማ የሚቀልላት መስሏት ነበር። አልቀለላትም። እንዲያውም ባሰባት። መሪውን የያዘው እሱ ነው ባሉት እንኳ አቶ አለሙ ልክ ነበሩ።

«ሰማህ?» አለችው ባሏን። «እሳቸው እግርህን ይዘው ነዳጁን አላስረገጡህም። ለአንድ ሰው አንድ ቀን ‹አይሆንም› ማለት አቅቶህ፣ አምስት ዓመቴን በአስራ ስምንት ኪሎ ሜትር ጨረስከው። አስራ አምስት ደቂቃ፣ ፍሬ! አጃቢዎቹ ዛፍ ሥር ውሃ እስኪጠጡ ታደርሰው ነበር። ቺንጋው እዚህ አለ! መፍቻው እዚህ አለ! ደግሞ ታውቅበታለህ፣ ታውቅበታለህ እኮ!»

አዲሱን ቺንጋ ደረቱ ላይ ወረወረችበት። ነጩ አበባ ተነቅሎ መሬት ወደቀ።

ከዚያ ሪባኖቹን ቀዳድዳ ጣለች። ከሆቴሉ ካርቶን ለምና፣ የመንገድ ልብሷን እንደለበሰች መኪናው ሥር ገባች። የቮልስን ሞተር ከአካሉ ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ የነዳጅ ቱቦውንና ሽቦዎቹን ለይታ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታች። ላብ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ያቃጥላታል። ፍሬምናጦስ ኮቱን አውልቆ ተንበረከከ።

«ልያዝልሽ።»

«እንዳትነካው።»

«ከባድ ነው፣ ብቻሽን...»

«እጅህን አንሳ አልኩህ!»

ክሪክ ያመጣላት ከድሩ ነው፤ ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ሎጊያ ሲሄድ ለምሳ የቆመ የአይሱዙ ሾፌር። ጥግ ተቀምጦ ሁሉንም ሲሰማ ነበር። ምንም ሳይጠይቅ ክሪኩን ከሞተሩ ሥር አስገባ፣ ሁለት አስተናጋጆች ጠራ፣ ሞተሩን ቀስ አድርገው አወረዱት። ሎዛ በአንዲት ሚዜ ቀዝቃዛ ውሃ ላከች። እድላዊት ግማሹን ጠጥታ ግማሹን አናቷ ላይ አፈሰሰችው። አዳራሹ ውስጥ ዘፈኑ እንደገና ተጀመረ።

ሞተሩን ሽንኩርቱ ላይ ጭነው ሲያስሩ ፍሬምናጦስ አጠገቧ ቆሞ ነበር።

«እኔስ?»

«የቀረውን አካሉን አንተ ታመጣዋለህ። እንዴት እንደምታመጣው አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። አንድ ጭረት ቢጨመርበት ግን ወደ ቤት እንዳትመጣ።»

ጋቢና ውስጥ ከከድሩ ጎን ተቀምጣ ሄደች። በኋላ ከድሩ ጉሮሮውን ጠርጎ «እህቴ፣ እኔ ብሆን እመታው ነበር» አለ።

«እኔም አምሮኝ ነበር» አለች እድላዊት።

ቤቷ ደርሳ ሞተሩን ስትከፍተው ሦስተኛው ፒስተን ቀልጦ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል፤ በመዶሻ ነው ያወጣችው። ያንን የተበላሸ ፒስተን አላጠበችውም። ከነጥቁረቱ ወስዳ የምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ፍሬምናጦስ ከሚቀመጥበት ፊት ለፊት አኖረችው። እሱ በዘጠነኛው ቀን መጣ። ወደ ጂቡቲ ባዶውን የሚሄድ የጭነት መኪና ለምኖ፣ ቮልሱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ነው ያመጣው። ፊቱ በፀሐይ ተላልጧል። እድላዊት መኪናውን ዙሪያውን ፈተሸች። ጭረት የለም። ገብቶ ሊበላ ሲቀመጥ ፒስተኑን አየው። ሊያነሳው እጁን ዘረጋ።

«ይቀመጥ» አለችው። «ከሱ ጋር ትበላለህ።»

አንድ ወር ሙሉ ከሱ ጋር በላ።

አቶ አለሙ ከሠርጉ እንደተመለሱ ፍሬምናጦስን ከቢሮው አንስተው መዝገብ ቤት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ አስገቡት። ይህን ሲነግራት የምታዝንለት መስሎት እንደሆነ አይታወቅም። «እኔ ነኝ እንዴ ያዛወርኩህ?» አለችውና ሥራዋን ቀጠለች። ይቅርታ በየቀኑ ይጠይቃታል። ግን ሁልጊዜ ከይቅርታው በኋላ አንድ «ግን» አለች፦ ይቅርታ፣ ግን ሰዎቹ አስጨንቀውኝ ነው፤ ይቅርታ፣ ግን አለቃ ነው። እሷም «ግን» ስትሰማ ተነስታ ወደ ጥላው ሥር ትሄዳለች።

ሀይማኖት እንደገና ሶማሌ ተራን አሰሰች። ሎጊያ ላይ ብረት የሚቀርጸው አብዱሰላም ሲሊንደሮቹን አስተካከለላት። በየንጋቱ እየተነሳች ሞተሩን እንደገና ሠራችው። ቀድሞ ስትሠራ ታንጎራጉር ነበር፤ አሁን ጥርሷን ነክሳ ነው። ሁለት ጊዜ በንዴት ብሎን አጥብቃ ቆረጠች፤ ሁለት ጊዜ ተቀምጣ አለቀሰችና ተነስታ ጉማጁን ቆፍራ አወጣች። በሰባተኛው ወር አንድ እሁድ ጠዋት ሞተሩ ተነሳ።

ፍሬምናጦስ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ልግባ?» አለ።

«ግባ።»

ወደ ሎጊያ መንገድ ወጡ። የጭነት መኪኖች እየጮሁባቸው ያልፋሉ፤ እሷ ግድም አልሰጣት፣ ጆሮዋ ሞተሩ ላይ ነው። ጥሩ ድምፅ ነው። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ላላ። ይሄኔ ፍሬምናጦስ አፉን ከፈተ።

«ታውቂያለሽ፣ አቶ አለሙም ባለፈው አግኝተውኝ፣ ይቅርታ በልልኝ ብለዋል። ክፉ ሰው እኮ አይደሉም፤ ሰው ስለበዛ ነው እንጂ...»

መኪናውን ዳር አስያዘችው።

«እሳቸው አፍ የላቸውም?»

«አለቃ ሰው መቼም...»

«ውረድ።»

«እድሌ፣ ፀሐዩ እኮ...»

«ውረድ ፍሬምናጦስ!»

ወረደ። ሎጊያ ድረስ ሄደች፣ አንድ ሻይ ጠጣች፣ የሞተሩን ክዳን ከፍታ ሙቀቱን በእጇ ለካች፣ ዘይቱን አየች። ስትመለስ ባሏ ወደ ሰመራ አቅጣጫ በአስፋልቱ ዳር እየተራመደ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ደረሰችበት። አጠገቡ ቆመች። ክላክስ አላሰማችም።

ገብቶ በሩን በቀስታ ዘጋው። ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየ።

«አይቼው ነበር» አለ። «ቆሜ መቀየር እችል ነበር። አልቆምኩም። ይቅርታ።»

እድላዊት የሚቀጥለውን «ግን» ጠበቀች። አልመጣም።

«ሰማሁህ» አለችው፤ ማርሽ አስገባች።